ተልባ ልስጠው ወይስ የኮኮናት ዘይት?

ማታ ልተኛ ስል የድምፅ መልእክት ገባልኝ። የድሮ ጎረቤቴ ናት። «ስማኝማ፣ ወንድሜ አረማመዱ እየባሰበት ነው። እማዬ ተልባ ይጠጣ ትላለች። እኔ ደግሞ ቲክቶክ ላይ የኮኮናት ዘይት በባዶ ሆድ ሁለት ማንኪያ ሲሉ ሰማሁ። የቱን ልስጠው?»

ወንድሟን አውቀዋለሁ። አርባን ተሻግሯል። ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይይዛል። ሲኒ ሲያነሳ ቡናው ገና አፉ ሳይደርስ ይፈሳል። ሲያወራም ምላሱ ይጎተታል። አባታቸውም በዚሁ ዕድሜ አካባቢ እንዲሁ ሆነው ነበር፤ ሰፈሩም «ጋሼ ዛሬም ቀምሰዋል» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ሰውየው ግን ጠጅ የሚባል ነገር አፋቸው አይገባም።

«ጂኑ ተለይቷል ወይ?» ብዬ ጥያቄዋን በጥያቄ መለስኩላት። እሷም ደበራት መሰለኝ ዝም አለች። እኔ ግን ላደርቃት ፈልጌ አይደለም። የምግብ ስብ በዘር ከሚመጡ የነርቭ በሽታዎች ጋር ያለው ጉዳይ ያለዚያ ጥያቄ፣ ማለትም ከወላጅ ከሚወረሱት ጂኖች የትኛው እንደተበላሸ ሳይታወቅ፣ አይፈታም። አንዱን የሚያድነው ስብ ሌላውን ይገድላል፤ ስል ማጋነን አይደለም፣ ከታች ታዩታላችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ስብ ለነርቭ ይጠቅማል የሚለው ወሬ ራሱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አንጎላችን ውሃው ቢወጣለት ከሚቀረው ከግማሽ በላይ ስብ ነው። ነርቮቻችንም የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ እንደሚሸፈነው ማይሊን በሚባል ስብ የበዛበት ሽፋን ተጠቅልለዋል። ሽቦው ደግሞ ረጅም ነው። ከወገብ ተነስቶ የእግር ጣት ጫፍ የሚደርስ አንድ የነርቭ ሴል አለ፤ ረጅም ሰው ላይ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ይህን የሚያህል ነገር መቀለብና ማደስ ከባድ ሥራ ስለሆነ፣ በዘር የሚመጡ ብዙ የነርቭ በሽታዎች መጀመሪያ የሚታዩት እግር ላይ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ሴሬቤለምን ያጠቃሉ። እሱ ከማጅራት ከፍ ብሎ ያለው፣ ሚዛናችንን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል ነው። እሱ ሲጎዳ ሰው ሳይጠጣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ሐኪሞች አታክሲያ ይሉታል።

እስከዚህ ጥሩ። ስህተቱ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። «አንጎል ስብ ከሆነ ስብ እንብላ» ማለት፣ የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲሰነጠቅ ደጃፉ ላይ አንድ ጋሪ ጭቃ እንደማራገፍ ነው። ጭቃው ችግር የለበትም። ጥያቄው ስንጥቁ የት ነው የሚለው ነው።

እስቲ ከቅቤ እንጀምር።

በ1946 ሲግቫልድ ሬፍሰም የተባለ የኖርዌይ የነርቭ ሐኪም አንድ እንግዳ በሽታ በዝርዝር ጻፈ። ታማሚዎቹ በምሽት ማየት ይቸግራቸዋል። ይንገዳገዳሉ። እጅና እግራቸው ይደነዝዛል፣ ይዝላል። ማሽተት ያቅታቸዋል፣ አንዳንዶቹ ጆሯቸው ይደክማል፣ ቆዳቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት ይሰነጣጠቃል። ዛሬ በሽታው በእሱ ስም ሬፍሰም ይባላል። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ ሁለት የጀርመን ተመራማሪዎች በታማሚዎቹ ሰውነት ውስጥ አንድ ስብ ተከማችቶ አገኙ። ፋይታኒክ አሲድ ይባላል።

ይሄ ስብ ከየት መጣ? መልሱ በጣም ደስ ይላል፤ ለእኛ ደግሞ የቅርብ ነው። ሣር አረንጓዴ የሆነው በክሎሮፊል ነው። ክሎሮፊል ፋይቶል የሚባል ረጅም ጭራ አለው። ላሟ ሣሩን ስትግጥ ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ያንን ጭራ ይበጥሱታል፣ ወደ ፋይታኒክ አሲድም ይለወጣል። እሱም ወተቷ ውስጥ ይገባል፤ ቅቤው ውስጥ፣ ጮማው ውስጥ፣ የበጉ ላት ውስጥም እንዲሁ። የእኛ ሆድ ግን ጭራውን ከክሎሮፊል መበጠስ አይችልም። ስለዚህ የሬፍሰም ታማሚ ጎመን ቢበላ ምንም አይሆንም። ጎመኑ ላይ ጠብ የሚደረገው ቅቤ ነው ጉዱ።

ጤነኛ ሰው ይህን ስብ በየቀኑ ይበላል፤ ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ገደማ። ምንም አይሆንም፣ ያቃጥለዋል። አቃጠሉ እንዲህ ነው። ሰውነታችን የስብን ሰንሰለት የሚቆርጠው ሁለት ሁለት ካርቦን እያለ ነው፣ ዚፕ እንደመክፈት በሉት። ፋይታኒክ አሲድ ላይ ግን ሦስተኛው ካርቦን ጎን ትንሽ ነገር ተለጥፋለች። ጨርቅ የነከሰ ዚፕ ማለት ነው፣ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ አንድ ልዩ ኢንዛይም መጀመሪያ አንዷን ካርቦን ብቻ ያነሳል። ያኔ እንቅፋቷ ቦታዋን ትለቃለች፣ ዚፑም ይሄዳል። ሬፍሰም ማለት በአብዛኛው የዚህ ኢንዛይም ጂን የተበላሸበት ሰው ነው። ጂኑ የታወቀው በ1997 ነው። ስቡ መግባቱን አያቆምም፣ መውጫ ግን የለውም። ነርቭ ላይ ይከማቻል።

ሕክምናው ታዲያ ምን መሰላችሁ? ማዕድ ላይ ነው። በቀን የሚገባውን ፋይታኒክ አሲድ ከ10 ሚሊግራም በታች ማውረድ። ቅቤ፣ አይብ፣ ሙሉ ወተት፣ የበሬና የበግ ስብ፣ ስብ የበዛበት ዓሣም ጭምር ይቀራል። ቶሎ ከተጀመረ የእግሩ ድካምና የቆዳው ነገር ይሻሻላል። የጠፋ የዓይን ብርሃን ግን አይመለስም።

እዚህ ላይ ስለ ጾማችን ሳስብ ገረመኝ። የጾም ምግባችን ለሬፍሰም ታማሚ የታዘዘ ይመስላል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ በዘይት። ግን የጾሙ ሌላኛው ግማሽ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መቆየቱ፣ ተቃራኒውን ያደርጋል። ሰውነት ምግብ ሲያጣ የራሱን ስብ ያቀልጣል። የዚህ ሰው ስብ ውስጥ ደግሞ ለዓመታት የተጠራቀመ ፋይታኒክ አሲድ አለ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይለቀቃል፣ በሽታው በጥቂት ቀን ይብሳል፣ ልብም ሊነካ ይችላል። የረመዳን ጾምም ያው ነው። ስለዚህ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሰው ቶሎ አትክሳ፣ ሆድህን ባዶ አታድርግ ይሉታል። የሚበላው የጾም ምግብ ሆኖ፣ ሰዓት መያዝ ግን አይችልም። ለንስሐ አባቱ ይህን ማስረዳት ሊኖርበት ነው።

አሁን ወደ ተልባው። እማማ ተሳስተዋል ለማለት ቸኩዬ አይደለም። ተልባ ኦሜጋ 3 የሚባለው ስብ የሞላበት ነው፤ ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። ግን አጭሩ ኦሜጋ 3 ነው፣ ባለ 18 ካርቦኑ። አንጎል የሚፈልገው ረጅሙን ነው፤ ባለ 22 ካርቦኑን ዲኤችኤ። ከተልባው ወደ ዲኤችኤ ለመድረስ ሰውነት ሰንሰለቱን እየቀጠለ ማርዘም አለበት። ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ከሚበላው ተልባ እዚያ የሚደርሰው በጣም ጥቂቱ ነው።

ሰንሰለቱን ከሚያረዝሙት ኢንዛይሞች አንዱን የሚሠራው ጂን ኢሎቭል 5 ይባላል። በ2014 ተመራማሪዎች በጣሊያንና በፈረንሳይ ቤተሰቦች ውስጥ ይህ ጂን ተበላሽቶ አገኙት። ሰዎቹ በአብዛኛው በጎልማሳነታቸው መንገዳገድ የጀመሩ ናቸው። በሽታው ስፓይኖሴሬቤላር አታክሲያ 38 ተባለ። ቁጥሩ እንደ አውቶቡስ መስመር ነው፤ የዚህ ዘር አታክሲያዎች ከ40 በላይ ስለሆኑ በቁጥር ነው የሚጠሩት። ደማቸው ሲታይ ዲኤችኤ ጎድሎ ተገኘ። ከተልባና ከመሳሰለው የሚመጣው ስብ መንገዱ መሃል ላይ ድልድይ ፈርሶበት ቆሟል ማለት ነው።

ጣሊያኖቹ እንግዲህ ቀላል ነገር አሰቡ። ድልድዩ ከፈረሰ ለምን ከማዶ አንጀምርም? ዲኤችኤውን ራሱን እንስጣቸው። አሥር ታማሚዎችን ያዙ። ለግማሾቹ በቀን 600 ሚሊግራም ዲኤችኤ፣ ለግማሾቹ ምንም የሌለበት የማስመሰያ መድኃኒት ሰጡ። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሐኪሞቹም ታማሚዎቹም አያውቁም። ይህ 16 ሳምንት ቆየ። ከዚያ ለ40 ሳምንት ሁሉም ዲኤችኤውን ወሰዱ። ውጤቱ በ2017 ታተመ። አረማመዳቸው፣ ንግግራቸውና የእጃቸው ቅልጥፍና የሚለካበት ነጥብ ተሻሻለ፤ በምስል ሲታይም የሴሬቤለሙ ሥራ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

አሥር ሰው ጥቂት ነው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም እዚህ ታሪክ ላይ የምወደው ነገር አለ። ዓሣ ለጭንቅላት ጥሩ ነው በሚል ግምት የተሰጠ አይደለም። የጎደለው ምን እንደሆነ ታወቀ፣ የጎደለው ተሰጠ። ሌላም ነገር ልብ በሉ። ለዚህ ሰው ተልባ በባልዲ ቢሰጠው ድልድዩን አይሻገርም። ሰርዲን ወይም የዲኤችኤ እንክብል ነው የሚሆነው። ጾመኛ ከሆነም ከአልጌ የሚሠራ አለ፣ ዓሣውም ራሱ መጀመሪያ የሚያገኘው ከአልጌ ነው። ያው ሰርዲን ደግሞ ለሬፍሰሙ ሰው ክልክል ነው። ሁለት ሰዎች ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም እየተንገዳገዱ ገብተው፣ አንዱ ዓሣ ብላ ሌላው አትብላ ሊባሉ ይችላሉ።

ስለ ዘይት ሲነሳ ሁሉም የሚያመጣት ታሪክ የሎሬንዞ ናት። ሎሬንዞ ኦዶኔ በ1978 ተወለደ። በ1984 አድሬኖሉኮዲስትሮፊ እንዳለበት ታወቀ። ይህ በሽታ በወንድ ልጆች ላይ የነርቭን ሽፋን አቃጥሎ ያጠፋል። አዋቂ ወንዶች ላይ ደግሞ በሌላ መልክ ይመጣል፤ እግር እየገተረ፣ እየጠነከረ፣ አረማመድ እያበላሸ ለዓመታት ይጓዛል። መነሻው አንድ ነው። በጣም ረጃጅም የሆኑ ስቦች፣ ባለ 24ና ባለ 26 ካርቦኖቹ፣ ሳይቃጠሉ ይጠራቀማሉ።

ለሎሬንዞ የተሰጠው ዕድሜ ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። አባቱ አውጉስቶ የዓለም ባንክ ኢኮኖሚስት ነው፣ እናቱ ሚካኤላ የቋንቋ ሰው ናት። ሕክምና የሚባል ነገር አልተማሩም። ቤተ መጻሕፍት ገብተው ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ እነዚያን ረጃጅም ስቦች ከምግቡ አወጡ። በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ግን አልወረደም። ምክንያቱም ሰውነቱ ራሱ ይሠራቸዋል። ያኔ ነው ብልሃቱ የመጣው። እነዚህን ስቦች የሚያረዝመው ኢንዛይም ሌሎች፣ ጉዳት የሌላቸውን ስቦችም ያረዝማል። እነሱን በብዛት ብንሰጠው በነሱ ተጠምዶ ክፉዎቹን ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። ዶን ሳዳቢ የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት ዘይቱን አጣራላቸው። አራት እጅ የወይራ ዘይት ዋና ስብ የሆነው ኦሌይክ አሲድ፣ አንድ እጅ ኢሩሲክ አሲድ። የደሙ ቁጥር በሳምንታት ውስጥ ወረደ። በ1992 ሆሊውድ ፊልም ሠራበት።

ኢሩሲክ አሲድ ከየት ይገኛል ካላችሁ፣ እንጀራ ከሚጋገርበት ቤት ሩቅ አይደለም። ምጣድ ማሰሻው ጎመንዘር ዘይቱ 40 በመቶ ገደማ እሱ ነው። ፈረንጆቹ ተክሉን የኢትዮጵያ ሰናፍጭ ነው የሚሉት። እባካችሁ ግን ጎመንዘር እየጨመቃችሁ እንዳትጠጡ። የሎሬንዞ ዘይት ተጣርቶ የተሠራ ነው፤ እሱም ቢሆን ደም የሚያረጋውን ፕሌትሌት ስለሚያወርድ በየጊዜው ደም እየተለካ ነው የሚሰጠው።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዘይቱ የደሙን ቁጥር አወረደ፤ አንዴ የጀመረውን የአንጎል ጉዳት ግን አላቆመም። ኢሩሲክ አሲዱ ወደ አንጎል እምብዛም አይገባም። ምልክት ሳይጀምራቸው ቢሰጣቸውስ? ሂዩ ሞዘር የተባለው የባልቲሞር ሐኪም 89 ጤነኛ የሚመስሉ፣ ግን ጂኑ ያለባቸውን ልጆች ይዞ ለዓመታት ተከታተለ። በ2005 ባወጣው ጽሑፍ 24 በመቶዎቹ የአንጎል ምስላቸው ተለወጠ፤ 11 በመቶዎቹ ላይ ደግሞ ምልክቱም ምስሉም ታየ። ቁጥራቸውን በደንብ ያወረዱት ልጆች የተሻለ ነገር ነበራቸው። ሆኖም ዘይት ሳይወስድ ለንፅፅር የተቀመጠ ቡድን ስላልነበረ ክርክሩ አልተዘጋም። ሎሬንዞ ራሱ አልጋ ላይ ሆኖ፣ መናገርና ማየት ሳይችል፣ ሠላሳኛ ልደቱ ባለፈ ማግስት በግንቦት 2008 ዐረፈ። ወላጆቹን ማድነቄን አላቆምኩም፣ ዘይቱን ግን እንደ ተአምር ማውራት አቁሜያለሁ።

አሜሪካ ለምትወልዱ አንድ ነገር። ይህ በሽታ ከ2016 ጀምሮ አገሪቱ አራስ ልጅ ላይ እንዲመረመሩ በምትመክራቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ከልጁ ተረከዝ የምትወሰደው ጠብታ ደም ለዚህም ነው። ደብዳቤ ቢመጣላችሁ ችላ አትበሉ። ምልክቱ ሳይበረታ የተደረሰበት ልጅ ዛሬ የመቅኔ ንቅለ ተከላ አለለት፣ ሰዓቱ ካለፈ ግን የለውም።

የኮኮናት ዘይቱ ነገርስ? ወሬው የመጣው ከኪቶን ነው። አንጎል ብዙውን ጊዜ የሚነዳው በስኳር ነው። ስኳር ሲጠፋ ግን ጉበት ከስብ ኪቶን ይሠራል፤ አንጎልም በእሱ ይነዳል። አሁን በር አስቡ። ስኳር ወደ አንጎል የሚገባበት በር የተበላሸባቸው ልጆች አሉ። ግሉት 1 ጉድለት ይባላል፣ በ1991 ነው የተገለጸው። ይንቀጠቀጣሉ፣ ይንገዳገዳሉ፣ የሚጥል በሽታ ይይዛቸዋል፣ ሲሮጡ ወይም ሲርባቸው እግራቸው ከፈቃዳቸው ውጭ ይጣመማል። ደማቸው ውስጥ ስኳር ሞልቷል፤ በጀርባ መርፌ በሚቀዳው የአንጎል ውሃ ውስጥ ግን ትንሽ ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ነርቭ የሚበላ በሽታ ሳይሆን ነርቭ የሚያስርብ ነው። ኪቶን ግን በሌላ በር ስለሚገባ፣ ለነዚህ ልጆች ስብ የበዛበት የኪቶን አመጋገብ ዋናው ሕክምና ነው። ብዙዎቹ ላይ የሚጥላቸው ነገር ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቆማል።

አመጋገቡ ግን የቲክቶኩ ሁለት ማንኪያ አይደለም። ጥብቁ ዓይነት ለአንድ ግራም ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት አራት ግራም ስብ ነው የሚለው። እንጀራ የለም። ዳቦ፣ ድንች፣ ሻይ በስኳር የለም። ምግቡ በግራም ሚዛን ላይ ይለካል። እናትየዋ ልጇ ጎረቤት ቤት አንዲት ቁራሽ እንዳይበላ ስትጠብቅ ትውላለች። የኮኮናት ዘይትም ቢሆን ቶሎ ወደ ኪቶን የሚለወጡት ስቦች የእሱ ትንሹ ክፍል ናቸው። ደግሞም ስብ ማቃጠል የማይችል ጂን ይዞ የተወለደ ልጅ አለ። እሱን እዚህ አመጋገብ ላይ ማስቀመጥ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ለዚህ ነው ሳይመረመሩ የማይጀመረው።

ያልሠሩትንም ልንገራችሁ፣ ስለ እነሱ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ስለሌለ። ሀንቲንግተን በሚባለው በዘር የሚመጣ የመወራጨት በሽታ ላይ ከዓሣ ዘይት የተጣራ ስብ ተሞክሮ ነበር። 316 ሰው፣ ስድስት ወር፣ አሜሪካና ካናዳ። በ2008 ውጤቱ ወጣ፤ ከማስመሰያው አልተሻለም።

ሌላው የፍሬድራይክ አታክሲያ ነው። በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚጀምር መንገዳገድ ሲሆን ልብንም ይነካል። እዚህ በሽታ ላይ ሴሎች ውስጥ ያለው ስብ እንደ ቆየ ዘይት ይበላሻል። አንዱ የተበላሸ ጎረቤቱን ያበላሻል፣ ያም ቀጣዩን። ተመራማሪዎቹ ሊኖሌይክ አሲድን ወሰዱ። ይህ የኑግ ዘይታችን ዋና ስብ ነው። ቶሎ የሚጠቃበት ቦታ ላይ ያሉትን ሁለት ሃይድሮጅኖች በከባዱ ሃይድሮጅን ቀየሯቸው። ከባዱ ቶሎ አይነቀልም፣ ስለዚህ የመበላሸቱ ሰንሰለት እዚያ ጋ ይቆማል ነው ሐሳቡ። እኔ እስካሁን ካነበብኳቸው ሁሉ ቆንጆው ሐሳብ ይሄ ነው። በ2021 ሰው ላይ የተደረገው ሙከራ ግን የተያዘለትን ግብ አልመታም። ሐሳብ ቆንጆ ስለሆነ ብቻ አይሠራም። በ2023 ለዚሁ በሽታ የተፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት ስብ አይደለም።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ርካሽ ነገር አለ፣ የሚረሳም እሱ ነው። ፍሬድራይክን ቁጭ የሚመስል፣ መነሻው ግን የቫይታሚን ኢ ማነስ የሆነ በዘር የሚመጣ አታክሲያ አለ። ቫይታሚን ኢ ከስብ ጋር ነው የሚገባው። ጉበት ተቀብሎ መልሶ ለሰውነት የሚያከፋፍልበት አንድ ፕሮቲን አለ፤ የእሱ ጂን ሲበላሽ ሰውየው የፈለገውን ያህል ቢበላ ቫይታሚኑ አይቆይለትም። ጂኑ በ1995 ታወቀ። በሰሜን አፍሪካ፣ በተለይ ቱኒዚያ፣ በብዛት ይታያል። ሕክምናው ያው ቫይታሚን ኢ ነው፣ በሐኪም ልክ፣ በከፍተኛ መጠን፣ ዕድሜ ልክ። ቶሎ ከተጀመረ በሽታውን ባለበት ያስቆመዋል፣ አንዳንዴም ያሻሽለዋል። ይህን ለማወቅ የጂን ምርመራ እንኳ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የደም ቫይታሚን ኢ መለካት ነው። የሚንገዳገድ ልጅ ካላችሁ ሐኪሙን ይህን ጠይቁት።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። በማግስቱ ደወልኩላት። ጂኑ አልተለየም፣ ግን የቤተሰቡ ታሪክ ራሱ ብዙ ይናገራል። አባትየው ታመዋል፣ ልጁም ታመመ። የሎሬንዞ በሽታ ጂን ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም (ጂኖች የተደረደሩበት ክር) ላይ ነው፤ አባት ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ግን ዋይ የሚባለውን ክሮሞሶም ነው። ስለዚህ እሱ ተሰረዘ። ሬፍሰምና የቫይታሚን ኢው የሚመጡት ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን ሲወረስ ስለሆነ፣ አባትና ልጅ ተከታትለው መታመማቸው አይመስልም። የሚቀረው ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚተላለፈው ዓይነት ነው፤ ያ ባለ ብዙ ቁጥሩ አታክሲያ ሊሆን ይችላል። 38 ቁጥር የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው፤ አብዛኞቹ ቁጥሮች ከስብ ጋር ጉዳይ የላቸውም። ይህን ስነግራት ዝም አለች። ደስ የሚል ዜና አልነበረም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ። የነርቭ ሐኪም ጋ ውሰጂው አልኳት። ስትሄዱ አረማመዱን በስልክ ቅረጹ፣ ሐኪሙ ፊት ሰው ተጠንቅቆ ነው የሚሄደው። የዘር ሐረጉንም በወረቀት አድርጊው። ማን ተንገዳገደ፣ በስንት ዓመቱ፣ ማን በልጅነቱ ሞተ፣ ማን «ጠጪ» ተባለ። እዚህ ላይ ትንሽ አንገራገረች። እህቷ ልትዳር ነው፤ በዘር የሚመጣ በሽታ አለባቸው ከተባለ ሽማግሌ ይመለሳል ብላ ሰግታለች። ይገባኛል። ግን ያ ወረቀት ከየትኛውም ዘይት ይበልጣል፣ ለእህቷም ጭምር።

ከወር በኋላ መልእክት ላከችልኝ። ሐኪሙ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አይቶታል፣ ደም ተወስዷል፣ የጂኑ ናሙና ውጭ አገር ሄዷል፣ እየጠበቁ ነው። ፊዚዮቴራፒ ጀምሯል፣ ደረጃው ላይም መደገፊያ አሠርተዋል። የኮኮናት ዘይቱን ፀጉሯን ትቀባዋለች። «ተልባውስ?» አልኳት። «እማዬ አልተወችም» አለች፣ «ግን የሆድ ድርቀቱ ለቆታል።»